የተረፈች ብሎን

ስንገዛት ዶሮ ነበረባት።
አስራ አንድ ዓመት ሙሉ መሪዋ ላይ አድረው፣
ዳሽቦርዷን በኩስ ለስነው፣ ወንበሯን ጭረው፣
ኮምቢዋን ቤቴ ብለው።
ሻጩ እፍረት ይዞት ዋጋውን ሲጠራ፣
"የሁለት ጎማ ሂሳብ" አለ፣ አይኑ ሽቅብ ከዛፉ፣ ከወፍ የሚያወራ።
ባሌ ኡባልዶ ቶሎ እጁን ዘረጋ፤
"ዶሮዎቹስ?" አልኩ እኔ፣ "እነሱም አሉበት ወይ በዚህ ጉድ ዋጋ?"

ልጃችን ዙልማ ከሞንቴቪዴኦ ደወለች፤
"አባዬ በሰባ ሁለት ዓመቱ ብሎኑ ላልቷል፣
አንቺም ዳሌሽ ብረት ነው፣ ተይ እማዬ" እያለች።
እውነቷን ነው። በዚህ ግቢ ካለው ብረት ሁሉ
አዲስ ሆኖ የመጣ፣ ከነካርቶኑ፣ የኔ ዳሌ ነው በሙሉ፤
ሌላው የሰው ነው፣ ያረጀ፣ የተጣለ፣
ከቆራሌው ከዊልማር ግቢ በብስክሌት የታዘለ።

ዊልማር ሚዛን አለው፣ ቄራው ሲዘጋ የወረሰው።
በር ቢሆን፣ ቧንቧ ቢሆን፣ ለሱ ስጋ ነው።
"ይህ ከነአጥንቱ፣ ይህ ጮማ" ይላል ላሜራ ሲያነሳ፤
ኡባልዶ ዝገቱን በጥፍሩ እየፋቀ፣
"ይህን ቀንስልኝ፣ የምገዛው ብረት ነው፣ አይደለም ሬሳ።"

መስኮቷ ከሳልቶ አውቶብስ፤
ጥግ ላይ በሚስማር "ግላዲስ" ተጽፎበታል፣
ጎኑ አንድ ልብ አለ፣ ግማሹ ቀርቷል፤
ወራጅ ብለዋት ይሆናል።
እቃ ማጠቢያዋ ከወንዝ ጀልባ፣
ዛሬም ጭቃ ጭቃ ይሸታል ውሃ ሲገባ።
አልጋችን ከፈረሰው ሲኒማ ቤት ነው፣
ከሰባት እስከ አስራ አንድ ቁጥር፣ አጋድሞ የበየደው።
ዘጠኝ ቁጥር ወገቤ ስር ነች።
ወለሉ የመንገድ ምልክት ነው፤
ምንጣፉን ብትገልጡት "ቀስ ብለህ ንዳ" ይላል፣ ተዘቅዝቆ።

መጋረጃ ፍለጋ ሳምንት ሙሉ ዞርኩ፤
ሐምራዊ ከፋይ ይዞ መጣ፣ ዘርፉ ወርቅ፣ ደነገጥኩ።
"ከየት?"
"ከሬሳ መኪና።"
"ኡባልዶ!"
"ምነው?
ከዚህ ኋላ የተኛ ሁሉ እንቅልፉ ሰላም ነው፤
ካንዱም ቅሬታ አልሰማሁ።"
ሳቅሁ።
ሰፋሁ።

ሠላሳ አራት ዓመት ባቡር ጠግኗል፤
ባቡሩ ቀረ፣ እጁ ግን ገና ይጠግናል።
አንድ ነገር ብቻ ከሱቅ ገዛ፣ በሙሉ ዋጋ፣ ሳይከራከር፦
የፍሬን ሸራ።
"ለምን?" አልኩት።
መልስ አልሰጠኝም። የኔን ወንበር በጨርቅ ይወለውል ጀመር።

ህዳር ገባ፣ ጃካራንዳው ወይን ጠጅ ለበሰ፣ ሁሉም ገጠመ፤
ሞተሩ ሳለ፣ አጓራ፣ ዝም አለ፣ ደገመ።
ከሸራው ላይ ግን አንዲት ብሎን ተረፈች።
አስር ቁጥር፣ ጥርሷ ያልተበላ፣ እንደ ሙሽራ የጸዳች።
ሁለት ቀን በጀርባው ተኝቶ በባትሪ ፈለገ፤
ቀዳዳው ሁሉ ሞልቷል፣ ሆዱ ግን ሰጋ።
"የዶሮዎቹ ትሆናለች" አልኩት።
አልሳቀም።

ስልሳ ስምንት ዓመት ከወንዝ ዳር ኖሬ ባህር አላየሁም።
ሰፊ ነው ይሉኛል ወንዙን፤ እንዴት ሰፊ ይሆናል
ማዶ ያለች ሴት ልብስ ስታሰጣ እየታየችኝ?
ማዶው የጠፋ ውሃ ነው ያማረኝ።

ከፓይሳንዱ ወጣን፣ ስልሳ ኪሎ ሜትር ሳንሞላ
ቆመች። የነዳጁ ጎማ ለሁለት ተተረተረ፣ ከኋላ።
ላሞች አጥር ላይ ተደግፈው አዩን።
ኡባልዶ ኪሱን ዳበሰ፣ ሳጥኑን፣ ሰማዩን፤
ኋላ ማቴ የምጠጣበትን ብረት ከአፌ ነጠቀኝ፣
በመጋዝ ቆረጠው፣ ሁለቱን ጫፍ አገናኘበት፣ በሽቦ አሰረው፣
"አፍሽን ሰጥተሽ ነው ባህር የምታይው" አለኝ።

አሁን እየሄድን ነው።
ሐምራዊው መጋረጃ ይወዛወዛል፣ ግላዲስ ከጥግ ታያለች፣
ያቺ ብሎን ከኪሴ ናት፤ ኮምቢዋ ስትዘል
ከዳሌዬ ብረት ጋር ቀጭ፣ ቀጭ ትላለች።
ዙልማ ደጋግማ ትደውላለች፣ አላነሳሁም።
ከሦስታችን ብሎን የጎደለው ማን እንደሆነ
እኔም ገና አላወቅሁም።